ያልተቆጠረው እጅ

የቀድሞው አምሳ አለቃ ኩማ ድምፁ ለጉድ ነበር። አዋሳ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ሆኖ «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ!» ሲል ሐይቁ ዳር ያለ ሰው ይሰማዋል ይባልለታል። ግራ እጁን ኦጋዴን ጥሎት መጥቷል፤ ድምፁን ግን የነካበት የለም። ቢያንስ እሱ እንደዚያ ነበር የሚያስበው።

አብሮት የዘመተው ደረሰ ደግሞ እግሩ ውስጥ የቀረችው የቦምብ ፍንጣሪ ክረምት በመጣ ቁጥር ትነሣበታለች። በሰባ ስድስት ክረምት ቁስሉ አመርቅዞ እንቅልፍ ነሣው። የቀበሌው ድሬሰር ሮማን ቤቱ ድረስ እየሄደች ታጥብለት ነበር፤ ኋላ ግን መድኃኒቱም ፋሻውም አለቀባት። በዚያው ሰሞን ቀበሌው የሱቁን ትርፍ ምን ላይ እንደሚያውል ለመወሰን ስብሰባ ጠራ። ወይ ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ቁስለኞች መድኃኒት ይገዛል፣ ወይ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል በመብራት ያሸበረቀ ቅስት አስፋልቱ ላይ ይቆማል።

ደረሰ መራመድ ስላልቻለ ኩማን አስጠራው።

«አንተ ተናገርልኝ፣ ወንድሜ። ያንተን ድምፅ ማን ይችለዋል?»

ኩማ ደረቱን መትቶ ማለለት። የደረሰ ሚስት የሺ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

በስብሰባው ቀድማ የተነሣችው ሮማን ናት። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ቅስቱ ቢዘገይ አይመግልም። የእነዚህ ሰዎች ቁስል ግን ይመግላል» አለች። አንዳንዱን ሳቅ አመለጠውና መልሶ ዋጠው።

ሊቀመንበሩ ታምሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የገዛ ወንድሙ ሰሜን ግንባር ነው። የሚያምንበትን ነው የተናገረው። «ለቁስለኛማ መንግሥት አለ። የእኛ ድርሻ ግንባር ላለው ወገናችን ሞራል መስጠት ነው። ወይስ በአብዮቱ በዓል የሚቀልድ አለ?»

ያኔ እንዲህ ያለች ጥያቄ ሰው ታስበላ ነበር።

«የሚቃወም ግራ እጁን ያንሣ!»

በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ የሚነሣው ግራ እጅ ነው። ዘንግቶ ቀኙን ያነሣ «አድኃሪ!» እየተባለ ይሳቅበታል፤ አንዳንዴም አይሳቅበትም።

ኩማ የሌለው እጁ ሲነሣ ተሰማው። የተቆረጠው እጁ ድሮም ይበላው ነበር፣ ይቆረጥመው ነበር፤ ያን ዕለት ግን ጣቶቹ ሲጨበጡ፣ ክንዱ ሲዘረጋ፣ ቡጢው ከሰው ራስ በላይ ሲቆም ቁልጭ ብሎ ታወቀው። ታምሩ ዓይኑን በሰዉ ላይ አሳለፈና «ተቃዋሚ የለም፤ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» አለ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሙሉ ድምፅ የነበረው አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም።

መስከረም ሳይጠባ ደረሰ ሞተ። የቁስሉ መርዝ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቅስቱም ቆመ፣ መብራቱም በራ፤ እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

ከዚያ ወዲያ የኩማ እጅ አልወርድም አለች። ሲበላም ሲተኛም ከራሱ በላይ እንደተሰቀለች ናት። በር ሲገባ መቃኑ እንዳይመታት ጎንበስ ይላል። የመናኸሪያ ወያላዎች «አምሳ አለቃ፣ ማንን እጅ እየነሡ ነው?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ እሱን ግን ያስፈራው ጀምሯል። «ሻሸመኔ!» ሊል አፉን ሲከፍት ድምፁ መሐል ላይ ይሰበራል።

የደረሰ ተዝካር ዕለት ጠላ ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሳለ የሺ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ያን ቀን ምን አልካቸው፣ ኩማ?»

«መናገሩን አልተናገርኩም። ግን እጄን አንሥቼ ነበር፣ የሺ። ግራዬን። እግዜር ያውቃል፣ እስከ ዛሬም አልወረደልኝም።»

የሺ ባዶውን እጅጌ አየችው። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ከዚያ ዓይኗን ብርጭቆ ወደያዘው እጁ መለሰች።

«እሺ፣ አምኜሃለሁ» አለችው። «ቀኙስ?»