የመርጌታ ታንክ

ታንኩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ አገሩ ሁሉ «የመርጌታ ታንክ» ስለሚለው ነው።

ልጄ ለሥልጠና ውጭ አገር ሄዳ ስትመለስ አንድ ካርቶን አመጣችልኝ። ክዳኑ ላይ ታንክ ተሥሏል፤ በወጣትነቴ ወታደር ሆኜ የነዳሁት ዓይነት፣ ያው ራሱ። «አባዬ፣ ሁልጊዜ ከምታወራልኝ እስኪ ሠርተህ አሳየኝ» አለች። ከፍቼ ሳየው ታንክ የለም። ያለው የፕላስቲክ ፍርግርግ ነው፤ ቁርጥራጩ እንደ ሽምብራ እሸት ከግንዱ ተንጠልጥሏል።

ክረምቱን በሙሉ እሱን ሠራሁ። ዝናቡ ሰውን ከቤት ሲያስቀር መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ቁራጩን በጥፍር መቁረጫ እየለቀምሁ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለስሁ፣ በሙጫ እያጣበቅሁ። የፈረንጅ ፊደል ብዙም አይሆንልኝም፤ መመሪያው ግን ሥዕልና ቁጥር ብቻ ስለሆነ አልከበደኝም። ደግሞ የቱ ከየት እንደሚገባ እጄ ያውቀዋል። ያስለቀሰኝ ሰንሰለቱ ነው። እያንዳንዱ ጥርስ ለብቻው ነው የሚገጠመው፤ እጄ ይንቀጠቀጣልና አንዱን ስይዝ ሌላው ይወልቃል። ሚስቴ እንዝርቷን እያሾረች ታየኝና «አንተ ሰውዬ፣ ለሞፈርህ እንዲህ ብትጠነቀቅለት ኖሮ በየዓመቱ ባልተሰበረ» ትለኛለች።

ጨረስሁት። አረንጓዴውን ቀለምም እኔው ቀባሁት። የቀሩት ሁለቱ ሰዎች ናቸው። አንዱ አዛዡ ነው፣ ከላይ ካለው ክዳን እስከ ወገቡ ወጥቶ ይቆማል። ሌላው ነጂው ነው፤ ከፊት ካለው ቀዳዳ ጭንቅላቱ ብቻ ብቅ ይላል። ያም ጭንቅላት የባቄላ ፍሬ አያህልም። በእኔ እጅ የሚሆን አልመሰለኝምና ወደ መርጌታ ወሰድሁት።

መርጌታ ጎረቤቴ ነው፤ አብረን ነው ያደግን። እሱ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ወጣ፣ እኔ ወታደር ሆኜ ወጣሁ። እሱ ዜማውንም ሥዕሉንም ይዞ ተመለሰ፣ እኔ ሳል ይዤ ተመለስሁ። ከዚያ ወዲህ እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ እሱ «አንተ» ይለኛል። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ነው የምለው፤ ማን ይከለክለኛል።

«ይኼ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» አለኝ፣ በመነጽሩ አናት እያየ።

«ታንክ ነው። ሰዎቹን ይቀቡልኝ፤ ሌላውን አይንኩት።»

ነካው። በሳምንቱ ስሄድ ሌላ ታንክ ሆኖ ጠበቀኝ። ዝገት ቀብቶለታል። ከጓሮው የዋልካ ጭቃ አድርቆ፣ ወቅጦ፣ በሙጫ ለውሶ ሰንሰለቱ ላይ ለጥፎበታል። ወንዝ ተሻግሮ የመጣ ነው የሚመስለው። ቀናሁ። እኔ ክረምቱን በሙሉ ጎብጬ ያቆምሁትን፣ እሱ በአንድ ሳምንት ነፍስ ዘራበት።

ከዚያ ሰዎቹን አየሁ። አዛዡ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሉት፤ ጻድቅ መስሎ ፊት ለፊት ያያል። ነጂው ግን በጎኑ ነው፤ ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው። እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሥዕል ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣለው፣ ከሐዲውና ሰይጣኑ በአንድ።

«መርጌታ፣ ነጂው እኮ እኔ ነኝ።»

«እና?»

«ሰይጣን አደረጉኝ።»

«አንገቱን ወደ ጎን አዙሮ ነው የተሠራ። ጎን የዞረ ሰው ስንት ዓይኑ ይታያል?»

«በዚያ በኩልም ጉንጭ አለው፤ ዓይን ግን አልሣሉበትም። ገልብጠው ቢያዩት።»

ገልብጦ አየውና ሳቀ። «እጄ ለምዶ ነው። ደግሞ ወታደር ሲያነጣጥር አንድ ዓይኑን ይጨፍን የለ?»

«ነጂ አያነጣጥርም፤ ይነዳል» አልሁና ታንኬን አቅፌ ወጣሁ።

ገበያ ቀን ኢንተርኔት ወዳለበት መካነ ኢየሱስ ከተማ ወጥቼ ፎቶውን ለልጄ ላክሁላት። እስክትደውል ስልኩን ይዤ ጠበቅሁ። ስትደውል መጀመሪያ ያለችው «አባዬ፣ ጭቃው ምን ያለ ነገር ነው። መርጌታ ናቸው አይደል? እማዬ ነግራኛለች» ነው።

«ጭቃው የእሳቸው ነው። ታንኩ የእኔ ነው።»

«እንግዲህ የሚቀጥለውን የምገዛው ለእሳቸው ነው» ብላ ሳቀች። ለእሷ ቀልድ ነው። እኔ የገዛሁትን ጨው ሱቅ ረስቼ ቤቴ ገባሁ።

ያን ቀን ቢላዋ አንሥቼ የነጂውን ፊት መፋቅ ጀመርሁ።

«የተቀባውን ምነው ትፍቀዋለህ?» አለች ሚስቴ።

«የራሴን ፊት ነው።»

መፋቁ ቀላል ነበር፤ መቀባቱ እምቢ አለኝ። ዓይኑን ጉንጩ ላይ አሳርፈዋለሁ፣ እጠርገዋለሁ፣ አሁንም አሳርፈዋለሁ። በመጨረሻ ተናድጄ ተውሁትና ያን ጊዜ እንዴት እንደነበርን አሰብሁ። በበጋ ክዳኑን ከፍተን ከሌላ ታንክ ኋላ አቧራውን እየጠጣን ስንነዳ ውለን ስንወርድ ፊት የሚባል ነገር የለንም። አንዱ አንዱን የሚለየው በድምፅ ነበር። እኔ ለልጄ ስለ ሞተሩና ስለ መድፉ ስነግራት ኖሬ ይህን አልነገርኋትም።

ከግድግዳው ሥር አፈር ወሰድሁ፣ በነጠላ ነፋሁት። የነጂውን ፊት ሙጫ ቀብቼ አፈሩን በጣቴ አሸሁበት። ለዚህ የማይንቀጠቀጥ እጅ አያስፈልግም። ከዚያ በእሾህ ጫፍ ሁለት ቦታ ገለጥሁለት፤ ሁለት ዓይን። አንደኛው ትንሽ ከፍ ብሏል። ይሁን።

በሚቀጥለው ገበያ የፊቱን ፎቶ ብቻ ላክሁላት። ስትደውል አልሳቀችም።

«አባዬ፣ ፊቱ ምን ሆኖ ነው?»

«አቧራ ነው።»

«እንዲህ ነበር እንዴ?»

«ቀኑን ሙሉ።»

 

«ይኼንንስ ማን ሠራው?» አለች።

«ማን ይመስልሻል?»

«አንተ ነህ» አለች፤ ድምፅዋ ወረድ ብሎ። ከዚያ ማን አብሮኝ ይነዳ እንደነበር፣ ምን እንደምንበላ፣ ዓይናችንን በምን እንደምንታጠብ ጠየቀችኝ። ካርዷ እስኪያልቅ ነገርኋት።

መርጌታም ወሬውን ሰምቶ ሊያይ መጣ። መነጽሩን አውልቆ መስኮቱ ሥር ያቆምሁትን ታንክ ተጠግቶ ነጂውን አየ።

«ይቺን ከፍ ያለችዋን ዓይን ትንሽ ብነካካት…»

«አይነኳትም።»

«ጭቃዬ የበዛበትን ጎንስ ለምን ወደ ግድግዳ አዞርኸው?»

«ለነጂው ብርሃኑ በዚህ በኩል ይሻለዋል» አልሁት። ጠላውን ጠጥቶ ሄደ።