ችግኝ የተተከለበት የእሳት መስመር

ከጊንጪ በላይ ባለው ደን ጠርዝ ላይ የእሳት መስመር የከፈትነው በታኅሣሥ ወር ነበር። በወረዳው ጽሕፈት ቤት በደን ባለሙያነት ከተቀጠርሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ማጭድና ዶማ ይዘው የወጡት ደኑን በማኅበር የሚጠብቁት ገበሬዎች ናቸው። በእርሻውና በደኑ መካከል ያለውን ሣር እስከ አፈሩ ገፍፈን ባዶ መሬት እንደ መቀነት ዘረጋን። ከመስመሩ በላይ ጽዱና ዝግባው፣ ከዛፎቹም ሥር መንደሩ የሚጠጣው ምንጭ ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ቤታቸው ከምንጩ አጠገብ የሆነ ሽማግሌ፣ ሥራው ሲያልቅ ባዶውን መሬት በዱላቸው መታ መታ አደረጉና፣

«እንግዲህ እሳት ከመጣ አፈር ይብላ!» አሉ።

በዚያው በጋ አንድ ገበሬ ማሳውን ሊያጸዳ የለኮሰው እሳት አምልጦ ወጣ። መስመሩ ላይ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ሞተ።

ሐምሌ ሲገባ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከበላይ የሚመጡ እንግዶች ችግኝ የሚተክሉበት ቦታ ፈለጉ። ቦታው መኪና የሚደርስበት፣ ቁጥቋጦ የሌለበት መሆን ነበረበት። እኛ የገፈፍነው መሬት ሁሉንም አሟላ።

«ይህ እኮ የእሳት መስመር ነው» አልኋቸው።

«አንተ ልጅ፣ ዛፍ መትከልን ትቃወማለህ?» አሉኝ። እንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ የተጠየቀውም መልስ እንዳይኖረው ነው።

እንደ ወጉ ጉድጓዱን ገበሬዎቹ አስቀድመው ቆፈሩ። እንግዶቹ ነጭ ኮፍያ አድርገው መጡ፤ ፎቶ አንሺው ስላጣደፋቸው ብዙዎቹ ችግኙን ከነጥቁር ፕላስቲኩ ቀበሩት። አንደኛው እጁን በሶፍት ጠርጎ ሶፍቱን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ከችግኙ ሥር ወሸቀው። ስለ ግብዝነት ብዙ አንብቤአለሁ፤ ያነበብሁት ሁሉ ግን ለዚያ ሶፍት አላዘጋጀኝም።

ሲሄዱ ማጨድም ማሰማራትም የሚከለክል የብረት ሰሌዳ ተተከለ፤ ጥበቃም ተቀጠረ። ሥሩ በፕላስቲክ የታነቀው ችግኝ መስከረም ሳይጠባ ጠወለገ፤ ሣሩ ግን ተከልክሎ ስለተጠበቀ እስከ ወገብ አደገ። በኅዳር ገበሬዎቹ መስመሩን ሊገፍፉ ማጭድ ይዘው ቢወጡ ጥበቃው መለሳቸው። ሊቀመንበሩ በቀጥታ ወደ ቢሯችን መጡ።

«የሞተ ችግኝ ነው የምታስጠብቁት?»

«ኦቦ ሊቀመንበር፣ ይረዱኝ እንጂ» አሉ ኃላፊው። «ቦታው በችግኝ ተሸፍኗል ብለን ሪፖርት አድርገናል። አሁን ግፈፉት ብል ምን ይሉኛል?»

«እሳቱስ ሪፖርቱን አንብቧል?»

ኃላፊው ሳቁ። 

በየካቲት የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ ነፋሱ ግን አልቀረም። አሁንም ከማሳ ያመለጠ እሳት ወደ መስመሩ ደረሰ፤ ሣሩ ተቀብሎ ወደ ጽዱ አሻገረው። እርጥብ ቅርንጫፍ ይዘን እየደበደብን ስናጠፋው ዋልን፤ ከምንጩ በላይ ያሉትን ዛፎች ግን አላተረፍንም። በማግሥቱ ኃላፊው አፍንጫቸውን በመሐረብ ሸፍነው መጡ።

«የአየር ንብረት ለውጥ ነው እንግዲህ፤ ምን ይደረጋል?»

ከሁሉ ያስጸየፈኝ፣ የተናገሩት እውነት መሆኑ ነው። ዝናቡ ጊዜውን ስቷል፤ ሣሩም ቀድሞ ይደርቃል። መስመሩ በየዓመቱ መገፈፍ የነበረበትም ስለዚህ ነው። ውሸትን በውሸት የሚሸፍን ሰው ቢያንስ እውነትን አያረክስም፤ እርሳቸው ግን እውነቱን ራሱን የገመና መሸፈኛ አደረጉት። ከአመዱ ውስጥ የቀለጠ የችግኝ ፕላስቲክ ጫማዬ ላይ ተጣብቆ አልለቅ አለኝ።

ክረምቱ ሲገባ ጎርፉ አመዱን ወደ ምንጩ አወረደው። የሊቀመንበሩ ባለቤት ውኃውን በነጠላ እያጠለሉ ሲቀዱ አየሁ፤ ነጠላው ጠቁሯል።

ሐምሌ ዳግመኛ እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረ፤ ቦታው ያው መስመራችን ነበር። ሊቀመንበሩ ጉድጓድ አስቆፍሩ የሚለውን ትእዛዝ ሰምተው ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። በዕለቱ መኪኖቹ ቆሙ፤ ነጭ ኮፍያ ያደረጉት ሰዎች ችግኝ ችግኛቸውን ይዘው ተሰለፉ። መሬቱ ላይ አንድም ጉድጓድ አልነበረም።

«ጉድጓዱ የታለ?» አለ አንዱ እንግዳ።

ኃላፊው ወደ እኔ፣ እኔም ወደ ሊቀመንበሩ ተመለከትን። ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው፣

«ጉድጓዱማ ተቃጠለ፣ ጌታዬ» አሉ። «ከደኑ ጋር።»

ከኋላ የቆሙት ገበሬዎች ሳቃቸውን መግታት አቃታቸው። ዶማ ይዞ የመጣ እንግዳ ስላልነበረ፣ ችግኙን እንደታቀፉ ፎቶ ተነሡ፤ ከዚያም መንገዱ ዳር ጥለውት ሄዱ። ኃላፊው ከመኪናቸው መስኮት «እንነጋገራለን!» ብለውኝ አለፉ።

ሊቀመንበሩ የተጣለውን ችግኝ እያገላበጡ ምንጭ የሚያደርቀውን ባሕር ዛፍ ወደ ጎን አድርገው ጽዱን ብቻ ለዩ።

«ያ ጉርባ» አሉኝ፤ ወጣቶችን ሁሉ በኦሮምኛ እንዲህ ነው የሚጠሩን። «ና፣ ወደ ምንጩ እንውጣ። መጀመሪያ ግን ፕላስቲኩን ግፈፍ።»

መስመሩን ባዶውን ትተነው ወጣን።