በሰው ስም የወጣ መስመር

በሐምሌ የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ቤታችን ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሞደሙ ላይ ያለው አረንጓዴ መብራት ጠፍቶ ቀይ በራ። መስመሩን ያዘጋው ወዳጄ ነው። ያዘጋውም ለእኔ ብሎ ነው።

መስመሩ የወጣው በእሱ ስም ነበር። ላስ ቬጋስ በዲቪ ከእኔ አራት ዓመት ቀድሞ ገብቷል። እኔና ባለቤቴ ስንመጣ የተቀበለን ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር በተከራየው ቤት ነው፤ እሱ ሮድስ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ገዝቶ ሲወጣ እኛ እዚያው ቀረን። አዲስ ገቢ ክሬዲት የሚሉት የብድር ታሪክ ስለሌለው ቀድሞ የመጣ ሰው መብራቱንም ስልኩንም በራሱ ስም ያወጣለታል፤ የማውቃቸው ሁሉ የጀመሩት እንደዚህ ነው። ኪራዩንና መብራቱን ከጊዜ በኋላ ወደ ስሜ አዞርኩ። ኢንተርኔቱ የሚመጣበትን የስልክ መስመር ግን ሳላዞር ስድስት ዓመት ሞላኝ። ኩባንያው ጋ ስደውል የእሱን ስም እሰጣለሁ፤ «እርስዎ ነዎት?» ሲሉኝ «አዎ» እላለሁ። በዜና ሥራ ሃያ ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ያልሆንኩትን ነኝ ያልኩት በዚህ ጉዳይ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ በነበርንበት የዝግጅት ክፍል እሱ በእኔ ሥር የገባ ጀማሪ ሪፖርተር ነበር። የመጀመሪያ ዜናውን አራት ጊዜ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁን ሁለታችንም በኢንተርኔት ለሚተላለፍ አንድ የአማርኛ ሬዲዮ እንሠራለን። ቅዳሜ ጠዋት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ያለውን የቀጥታ ዜና አንድ ሳምንት እሱ፣ አንድ ሳምንት እኔ፣ ከየቤታችን ሆነን እናቀርብ ነበር። በዚያ ሰሞን ዋና አዘጋጁ ከሁለታችን አንዱን ቋሚ አቅራቢ ሊያደርግ እንዳሰበ ነገረን። የሚወስነው ከመጪው ቅዳሜ በኋላ ነው አለ። ቅዳሜው የእኔ ተራ ነበር።

ያንን ሰዓት አጥብቄ እፈልገው ነበር። የቀረውን ሳምንት የሆቴል እንግዶችን ከኤርፖርት አመላልሳለሁ፤ ጋዜጠኛ የምሆነው በዚያ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

እሱ ሲያቀርብ አጠገብህ ተቀምጦ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ሰፈሩ ፋይበር የሚባለው ፈጣን መስመር ገብቶለታል። እኛ ያለን የድሮው የስልክ ሽቦ ነው፤ እኔ «በሰሜን ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል» ብዬ ስጀምር አድማጭ ጋ የሚደርሰው «ክፍል» የምትለዋ ብቻ ናት። አድማጮች አስተያየት ይጽፋሉ። ለእሱ «የዛሬው ጋዜጠኛ ግሩም ነው» ይላሉ፤ ለእኔ «እባካችሁ መስመሩን አስተካክሉ»። አንድ በአንድ አነባቸው ነበር። ስለ እሱ የተጻፉትን ሁለት ጊዜ።

ሌላ ኩባንያ በዚያው ሽቦ ላይ የተሻለ ፍጥነት እንደሚሰጥ ስሰማ ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ሴት አሠራሩን አስረዳችኝ፣ እኔም ጻፍኩት። ሽቦው ያው ነው፤ አዲሱ ኩባንያ ከአሮጌው ይረከበዋል፤ ኢንተርኔት የሚቋረጠው ቢበዛ ለአንድ ሰዓት ነው። «አደራ፣ አሮጌውን ራስዎ እንዳያዘጉት» አለችኝ። «ከተዘጋ የምንረከበው መስመር አይኖርም።» ይህንን ከሥሩ አሰመርኩበት።

ለርክክቡ አሮጌው ኩባንያ የሚሰጠው ኮድ ያስፈልግ ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደውዬ እንደ ልማዴ «እኔ ነኝ» አልኩ። ኮዱን በስልክዎ ልከናል አሉኝ። ስልኬን አየሁ፤ ምንም አልመጣም። የላኩት ወደ ባለ ስሙ ነበር። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ኮድ መጣልኝ። እኔን ሆነው ነው እንዴ የሚደውሉት?» ይስቃል።

«ስድስት ዓመቴ ነው» አልኩት።

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ የእኔን ሥራ አይገቡልኝም? ለመሆኑ ምን ሊያደርጉበት ነው?»

ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። በዚሁ አሮጌ ሽቦ ላይ ኩባንያ ልቀይር ነው ማለት ነበረብኝ። ፋይበር ላለው ሰው ይህንን መንገር ከበደኝ።

«ከእነሱ ጋር ልጨርስ ነው» አልኩት።

«ፋይበር ሊያስገቡ ነው? ጎሽ! እንኳን ተገላገሉ!»

አላረምኩትም።

«በሉ እርስዎ አይድከሙ። ባለቤቱ እኔ አይደለሁ? እኔው አዘጋዋለሁ።»

«ተወው፣ ኮዱን ብቻ ስጠኝ።»

«ጋሼ ደግሞ! ከሺፍት ደክመው ገብተው ስልክ ከሚመልስ ማሽን ጋር ሲጨቃጨቁ ሊውሉ? ተዉት አልኩ እኮ!»

ስልኩን ዘጋ። መልሼ መደወል እችል ነበር። ብደውል ፋይበር አለመሆኑን መናገር ሊኖርብኝ ነው። አልደወልኩም።

በማግስቱ መስመሩ ሲጠፋ አዲሱን ኩባንያ ጠየቅሁ። በዚህ አድራሻ የሚሠራ መስመር የለም አሉኝ። እንደ አዲስ ለማስገባት ቴክኒሻን መምጣት አለበት፤ የተገኘው ቅርብ ቀን የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። አሮጌው ኩባንያም ከዚያ በፊት መልሶ ሊከፍተው አይችልም።

ወዳጄ የሆነውን ከባለቤቴ ሰምቶ ሐሙስ ደወለ።

«ምን አደረግሁዎት ጋሼ! ምናለ ቢነግሩኝ? ቅዳሜ እኔ ቤት ይምጡ። ክፍሉን ለቅቄልዎ ልጆቹን ይዤ እወጣለሁ።»

ያንን ክፍል አውቀዋለሁ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ተለጥፎበታል። መስኮቱ የጎልፍ ሜዳውን ያሳያል። ማይክሮፎኑ እኔ ሦስት ጊዜ ልገዛው መርጬ ሦስት ጊዜ የተውኩት ዓይነት ነው።

«አመሰግናለሁ፣ ሌላ አዘጋጅቻለሁ» አልኩት።

«ምኑን ነው ያዘጋጀኸው?» አለች ባለቤቴ፣ ስልኩን ስዘጋ።

«በሞባይሌ አቀርባለሁ።»

«እዚህ ቤት ሞባይልህ ለሃሎም ይቆራረጣል፤ ለዜና ሊበቃ?»

«መኪና ውስጥ ሆኜ ነው። ሜሪላንድ ፓርክዌይ መንገድ ላይ ጥሩ ይሠራል፣ ቼክ አድርጌያለሁ።»

«በዚህ ሙቀት? ኤሲው ሲጮህ ሰው ሊሰማህ?»

«አጠፋዋለሁ።»

«ሰውዬ፣ ሂድና ልጁ ቤት ተቀመጥ። ወንበሩ አይነክስህም። ይሄ ቅናት ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም።»

ትክክል ነበረች።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከአንድ ግሮሰሪ ጀርባ ጥላ ፈልጌ ፓርክ አደረግሁ። መስኮቶቹን ዘጋሁ፣ ኤሲውን አጠፋሁ፣ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አቆምኩ። ልክ አራት ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ድምፄ አንድም ጊዜ አልተቆራረጠም። አዘጋጁ በጽሑፍ «በጣም ጥሩ ነው፣ ቀጥል» አለኝ። ላቤ ከአገጬ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። በሃያኛው ደቂቃ፣ ስድስተኛው ዜና ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ላይ፣ ስልኩ ሙቀት እንደበዛበት የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ አሳየና ጠፋ።

ግሮሰሪው ውስጥ ሮጬ ገባሁ፤ የለስላሳ መጠጦቹን ማቀዝቀዣ ከፍቼ ስልኩን ጣሳዎቹ መሀል አስቀመጥኩ። ሥራ እስኪጀምር አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ሬዲዮውን በስልኩ ስከፍት እየተናገረ ያለው እሱ ነው። አዘጋጁ ደውሎለት ወዲያው ገብቷል። የሚያነበው የእኔን ጽሑፍ ነበር፤ አርብ ዕለት ለአዘጋጁ ልኬለት ነበርና። በኋላ ቅጂውን ሳዳምጥ እንዳረጋገጥሁት፣ የቀጠለው ካቆምኩበት ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ በፊት «ባልደረባችን የመስመር ችግር ገጥሟቸዋል፤ ዜናውን ያጠናቀሩት እሳቸው ናቸው» ብሏል። ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆሜ የራሴን ዓረፍተ ነገሮች በእሱ ድምፅ ሰማሁ። እኔ ከማነባቸው ይልቅ ያምሩ ነበር። ምነው ሳይጠቅሰኝ በቀረ ወይም በሰደበኝ ብዬ ተመኘሁ፤ የምጠላበት ነገር ባገኝ ይቀለኝ ነበር።

ሰኞ ከአዘጋጁ መልእክት ደረሰኝ። ሰዓቱ ለእሱ ተሰጥቷል። ከአንድ ሰዓት በኋላ እሱ ራሱ ደወለ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ካልፈቀዱ አልወስደውም።»

«ውሰደው» አልኩት።

«ከልብዎ ነው?»

«ከልቤ ነው።»

አልነበረም።

ሐሙስ ቴክኒሻኑ መጥቶ መስመሩን በስሜ አስገባ። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሬዲዮውን ከፍቼ፣ የዜናዎቹን ምንጮች ኮምፒውተሬ ላይ ደርድሬ፣ እስከ አምስት ሰዓት አዳመጥሁት። የጠራቸውን ቀኖች፣ የቦታ ስሞችና የሰዎቹን ማዕረግ አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ስህተት አልነበረበትም።