ጣርማ በር ላይ ሁለቴ ያየሁት ፊልም

የተኩስ ፊልም በመጥፎ ድምፅ ከማየት መተኛት ይሻላል የምል ሰው ነኝ። ደብረ ብርሃን ያለችው ክፍሌ ውስጥ ቁም ሳጥን ሳይገባ ነው ስፒከር የገባው። ዲስክም ቢሆን ኦሪጅናል ካልሆነ እጄን አልሰድም። ጎረቤቶቼ ግድግዳው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ጠዋት ቧንቧ ላይ ስንገናኝ «ሄሊኮፕተሩ በሰላም አረፈ?» ይሉኛል። ይበሉ። ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጩኸት ስሰማ ውዬ፣ ማታ ጥርት ያለ ድምፅ ቢያምረኝ ምን ይፈረድብኛል?

ካሉኝ ሁሉ አንዱን ፊልም አብልጬ እወደዋለሁ። አንድ ሰው የተዘጋ ፋብሪካ ውስጥ ብቻውን ተከቦ ሲታኮስ የሚውልበት ነው። በኔ ዲስክ ላይ ጥይቱ ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ ቀልሃው ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ሲንከባለል ሁሉ ይሰማል።

አባቴ ከደብረ ሲና በታች ካለው ቀዬአችን አንዴ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ይኼንኑ ፊልም አሳየሁት። ገበሬ ነው፤ ፊልም የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ሰውየው ጨለማ ውስጥ ተደብቆ ሳለ ጠላቱ ቀስ እያለ ሲመጣ፣ የእግሩ ኮቴ ከኋላችን ካለው ስፒከር ተሰማ። አባቴ ዱላውን አንስቶ ብድግ አለና በሩን ከፈተው። ወደ ግቢው እያየ «ማን ነው? ግባ» አለ። እኔማ በሳቅ ሞትኩ። ነገሩ ሲገባው እሱም አብሮኝ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በደወልኩለት ቁጥር፣ ያ ሰውዬ ገባ ወይስ ገና ውጭ ቆሟል እያለ ይጠይቀኛል።

አጎቴ ባልጠበቅኩት ጠዋት መጡ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ቄስ ናቸው፤ ከደብራቸው በዋዛ የሚነቃነቁ ሰው አይደሉም። ሥራ ልገባ በሬን ስከፍት ቆመው አገኘኋቸው። «አባትህን ትንሽ አመም አድርጎታል፤ ልየው ብሏል» አሉኝ። ትንሽ ነው አሉ፤ እኔም ትንሿን ይዤ ተነሳሁ። ሐኪም ቤት ይዤው እመጣለሁ፣ እዚሁ ከኔ ጋር ያገግማል ብዬ በሆዴ ጨረስኩ። መናኸሪያው ጋ ብርቱካን ልግዛለት ስል አጎቴ ተወው፣ እዚያም አይጠፋም አሉ። የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጄን አልገባም ብዬ ገዛሁ።

ወደ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ አገኘን። አጎቴ እኔን መስኮቱ ጥግ አስቀመጡኝና እሳቸው በመተላለፊያው በኩል ተቀመጡ። ወዲያው የስልኬ ባትሪ አልቋል፣ ያንተን እስቲ አውሰኝ አሉና ተቀበሉኝ። ከጋቢያቸው ሥር ገባ፤ በዚያው ቀረ። ቄስ አጎትን ስልኬን ይመልሱልኝ ይባላል እንዴ?

ሾፌሩ ጎኑ ባለው ማጫወቻ ዲስክ ከተተ። ጉድ እኮ ነው፣ የኔው ፊልም! ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ሌባ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ በካሜራ የቀዳው ኮፒ ነበር። ምስሉ ወደ አረንጓዴ ሄዷል፤ የሰዎቹ ግንባር ተቆርጧል፤ መሀል ላይ አንድ ተመልካች ተነስቶ በጭንቅላቱ ዋናውን ተዋናይ ይጋርደዋል። ተዋናዮቹ ሲነጋገሩ የሚሰማው የሲኒማ ቤቱ ሰው ሳል ነው። ፍንዳታ ሲመጣ ደግሞ ከአናቴ በላይ ያለው የላላ ስፒከር እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ይኼ ፊልም እንዲህ አይደለም እያልኩ ለአጎቴ ላስረዳ ሞከርኩ፤ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ ዋጠን። መንገዱ የሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ አንድ ተሳቢ ተጋድሞ መንገዱን ዘግቶታል። ከፊታችንም ከኋላችንም መኪና ተደረደረ፤ ማለፍ የለ፣ መመለስ የለ። ሾፌሩ ክሬን ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ መጠበቅ ነው አለ። የባሰ አታምጣ አልን። ፊልሙ ግን አልቆመም።

ምን ልበላችሁ፣ በአንድ በኩል የቀዘቀዘው መስተዋት፣ በሌላ በኩል የአጎቴ ጉልበት፣ ከላይ ያ ስፒከር። አባቴ እየጠበቀኝ ነው፣ በእግሬ ዋሻውን ላቋርጥና ከወዲያ መኪና ልያዝ አልኩ። አጎቴ ጉልበታቸውን አላነሱም፤ ጉም ነው፣ ገደል ነው፣ ተቀመጥ አሉኝ። እንግዲያው ስልኩን ይስጡኝና ልደውልለት፣ ድምፄን ይስማ አልኩ። ኔትወርክ የለም አሉ፤ ስልኩን እንኳ ሳያዩት። ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይታሰራል ብትሉኝ አላምንም ነበር።

በመጨረሻ ሾፌሩን ድምፁን ቀንስልን ብዬ ለመንኩት። እጁን ሲሰድ አጎቴ ግዴለም፣ ይሰማ አሉት። ዘወር ብዬ አየኋቸው። ሰርግ ቤት ዘፈን ሲጀመር ጋቢያቸውን ሰብስበው የሚወጡ ሰው! ወደዱት ማለት ነው ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ከኋላችን ጥቁር የለበሱ የቀዬአችን ሴት ተቀምጠው ነበር። ስንሳፈር ሰላም ስላቸው ዓይናቸውን ሰበር አድርገው ነበር የመለሱልኝ። አሁን ከጎናቸው ካለች መንገደኛ ጋር ይንሾካሾካሉ። ወሬያቸው ከፍ ባለ ቁጥር አጎቴ ወደ ኋላ መለስ ብለው ያዩዋቸዋል፤ ሴትዮዋም ዝም ይላሉ።

ፊልሙ አለቀ። አውቶቡሱ ጸጥ አለ፤ የራሴን ትንፋሽ የሰማሁት ያኔ ነው። ሴትዮዋ ጸጥታውን ልብ አላሉትም መሰለኝ፣ ሹክሹክታቸው ጥርት ብሎ መጣ፤ ልጁ እስኪደርስ ብለው እኮ ነው እስካሁን ያልቀበ... አጎቴ ብድግ አሉ።

«ሾፌር፣ ድገመው ልጄ» አሉ። «ድምፁንም ጨምርበት።»

ያኔ ገባኝ። በኛ አገር መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ዘመድ ከቦት፣ ሽማግሌ አጠገቡ ቆሞ ነው የሚረዳው፤ እስከዚያ ድረስ «ትንሽ አሞታል» ይባላል። እኔ ራሴ የሥራ ባልደረባዬን አንድ ጊዜ እንዲሁ ብዬ አገሩ አድርሼዋለሁ። ስልኩም፣ የመስኮቱ ጥግም፣ አትግዛ የተባልኩት ብርቱካንም ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

አጎቴን አየኋቸው። ወንድማቸው ነው እኮ የሞተው። ጠዋት በሬ ላይ ከቆሙ ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጡም። በዚያ ሁሉ ተኩስ መሀል ለኔ ብለው ሆዳቸውን አስረው ተቀምጠዋል። አወቅሁ ብላቸው ድካማቸው ሁሉ ከንቱ ሊቀር ነው፤ ጉም መሀል፣ ባዕድ ፊት፣ ሁለታችንም ልንፈርስ ነው። ስለዚህ አላልኩም። በእውነት የታሰርኩት ያን ጊዜ ነው።

ፊልሙ እንደገና ጀመረ። ያው አረንጓዴ ምስል፣ ያው ሳል። ብርቱካኑን ጉልበቴ ላይ አቅፌ ጥርሴን ነከስኩ። ሰውየው ጨለማው ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። ይቺን ቦታ አውቃታለሁ። አባቴ ዱላውን አንስቶ ብድግ ያለባት ናት።

«ሾፌር፣ እባክህ ጨምርበት» አልኩ፤ እኔው ራሴ።

አጎቴ ፊቴን አላዩም። እጃቸውን ብቻ ክንዴ ላይ አሳረፉ። ሾፌሩ እስከ መጨረሻው ጨመረው። ስፒከሩ ተንኳኳ፣ የማላውቀው ሰው አሳለ፣ እኔም በዚያ ጩኸት ውስጥ አለቀስኩ። ኮፒው ላይ ኮቴው የለም። እኔ ግን ዞሬ በሩን አየሁ።