በምስክርነቴ ቀን ያጠረኝ ትንፋሽ

ይህ የደረሰብኝ የአሳማ ጉንፋን የሚባለው በሽታ በየሬዲዮኑ በሚወራበት ዓመት ነው። ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ግን ማይክሮፎን ይዞ ጉባኤ ፊት የሚቆም ሰው ባየሁ ቁጥር ያ እሑድ ድቅን ይልብኛል።

ያኔ ጉርድ ሾላ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ እዘምር ነበር። እዚህ ግባ የሚባል መልክም ትምህርትም የለኝም፤ ጌታ የሰጠኝ ድምፅ ነበር። ረጅሙን ስንኝ ሳልተነፍስ ስጨርሰው ጓደኞቼ «የዚች ሳንባ የሁለት ሰው ነው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ጉንፋን ነው ብዬ የናቅሁት ሕመም ሳምንት ሳይሞላው ደረቴ ውስጥ ገባ። ሆስፒታል ገብቼ በኦክስጅን ስተነፍስ ሰነበትኩ። ምእመናኑ ጾም ጸሎት ያዙልኝ። ስወጣ ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃን አንሥቶ አሳየኝ።

«ቫይረሱ ለቆሻል። ሳንባሽ ላይ ግን ጠባሳ ትቶብሻል» አለኝ።

«ይጠፋል?»

«እያረፍሽ መሥራት፣ እያረፍሽ መሄድ ነው። ትለምጂዋለሽ» ብሎ ራጁን ፖስታው ውስጥ መልሶ ከተተው።

ከታክሲ መውረጃው እስከ ቤቴ ያለውን ዳገት ድሮ እየሮጥኩ ነበር የምወጣው። ከዚያ በኋላ ግን መሀሉ ላይ መቆም ጀመርኩ። ሰው እንዳይታዘበኝ ሞባይሌን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የማወራ እመስላለሁ። ፀጉሬን መታጠብ እንኳ ያደክመኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ጉባኤ ፊት ቆሞ ይመሰክራል። የመዘምራኑ መሪ ታደሰ «እሑድ ትመሰክሪያለሽ፣ ከዚያ ያንን መዝሙርሽን ትዘምሪልናለሽ» አለኝ። ትንፋሽ እንደሌለኝ ልነግረው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ለኔ ብሎ ሲጾም ለከረመ ሰው እንዴት «አልዳንኩም» ይባላል?

እሑድ ማይክሮፎኑን ያዝኩ። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ሙቀቱ አይጣል ነው። «ጌታ ከሞት መለሰኝ» ብዬ ትንሽ እንደሄድኩ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። አፌን ከፍቼ አየር ስፈልግ እንባዬ ወረደ።

ጉባኤው መንፈስ የነካኝ መሰለው። አንዷ እልል አለች፣ ሌሎቹ ተከተሏት። ታደሰ ኪቦርዱን አስጀመረ። ድረሱልኝ ለማለት እጄን ሳነሣ፣ ለምስጋና ያነሣሁ መስሏቸው ሁሉም እጃቸውን አነሡ። በሚወደኝ ሕዝብ መሀል እያጨበጨቡልኝ ልሞት ነው ብዬ ፈራሁ።

ክንዴን የያዙኝ አንዲት የማላውቃቸው እናት ናቸው። ከእንጦጦ በኩል ዘመድ ጥየቃ የመጡ እንግዳ እንደነበሩ በኋላ ሰማሁ። ደግፈው በጎን በር አወጡኝና ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። አንገቴ ላይ የተጠመጠመውን ነጠላ ፈትተው ጀርባዬን እያሻሹ፣ ኦሮምኛ ቀላቅለው «ሱታ፣ ሱታ ልጄ። ቀስ በይ» ይሉኝ ጀመር። ውስጥ እልልታው አላባራም።

ትንፋሼ መለስ ሲልልኝ ፊቴን አዩና «አልዳንሽም አይደል?» አሉኝ።

«አልዳንኩም እማማ» አልኳቸው። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ዝም በይ አላሉኝም። እንባዬ እስኪያልቅ አጠገቤ ተቀመጡ።

በማግስቱ ለታደሰ እውነቱን ነገርኩት። «ድነሻል እኮ፣ ሁላችንም አይተናል። ጥርጣሬ እንዳይገባሽ» አለኝ። ክፋት የለበትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የኔ ግን ሲናገሩትም አልተገኘለትም። ዳግመኛ አላነሣሁበትም።

ዛሬ የምቀመጠው ከኋላ ነው። መዝሙር ሲጀመር ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። እንግዳ ሲመጣ «ጌታ የፈወሳት እህት ይቺ ናት» ብለው ያስተዋውቁኛል፤ ፈገግ እላለሁ። ከዚያ ያንን ዳገት ሞባይሌን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እየቆምኩ እወጣለሁ። ተስፋ ቆርጫለሁ ብል አልዋሸሁም።

እኚያን እናት ደግሜ አላገኘኋቸውም፤ ስማቸውንም አልጠየቅሁም። ባገኛቸው የምላቸው አለኝ። እማማ፣ እስከ ዛሬ አልዳንኩም። ከእርስዎ ወዲህ የጠየቀኝ ሰው የለም።