ጎብዬ ደርሰህ ተመለስ

ቆቦ ላይ ጎማ ያሠራ ሁሉ ታሂርን ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በሙያው ብቻ ሳይሆን በጭቅጭቁም ነው። አስፋልቱ ዳር ወዳለችው የቆርቆሮ ቤቱ ስፔሰር ይዞ የመጣ ሾፌር ጉዱ ፈላ። ስፔሰር ማለት በጎማውና በመኪናው መሀል የሚገባ ወፍራም ክብ ብረት ነው፤ ጎማውን ወደ ውጭ ገፋ አድርጎ መኪናዋን ደረቷን የነፋች ያስመስላታል። ታሂር መጀመሪያ ብሎኑ ላይ የሚጠብቁትን ዳዶዎች አንድ በአንድ እያገላበጠ ያያል። “ይሄ ጫፉ ሾጣጣ ነው፣ ቀዳዳው ደግሞ ጠፍጣፋ። የሌላ መኪና ዳዶ ለምን አመጣህብኝ?” ይላል። ብሎኑ ዳዶውን ጠልቆ ካልያዘው አይገጥምም። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ካልተፋቀ አይገጥምም። ሲያጠብቅም አንዱን ዳዶ ጨርሶ አጠገቡ ወዳለው አይሄድም፤ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገረ ነው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ጫማ ያስወልቃል። ቀልድ አይደለም። ሾፌሩ ጫማውን እዚያው ትቶ፣ የታሂርን አሮጌ ኮንጎ ጫማ አጥልቆ ጎብዬ ከተማ ድረስ ነድቶ ይመለሳል። አዲስ የገባ ብረት ትንሽ ከተነዳ በኋላ ቦታ ቦታውን ሲይዝ ዳዶው ይላላል፤ ስፔሰሩን የሚያስሩት የውስጠኞቹ ዳዶዎች ደግሞ ጎማው ካልወጣ አይታዩም። ስለዚህ ጎማው ወልቆ እንደገና መጥበቅ አለባቸው። ሾፌር እንዲሁ በአፍ ተመለስ ቢሉት አይመለስም፣ ለጫማው ሲል ግን ይመለሳል። ሰፈሩ በዚህ ይስቃል። ታሂር አይስቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ የጫማው ነገር ሳይመጣ፣ እሱም ይስቅ ነበር። ያኔ የልጅነት ጓደኛው በድረዲን በሕይወት ነበር። በድረዲን አቧራ ሲያርፍባት የሚከፋው ነጭ ፒካፕ ነበረችው። የታሂር ሚስት የሀሊሜ ወንድም ልጅ ሙንተሲር ከጎብዬ ራዊያ የምትባል ልጅ ሲያገባ፣ ሙሽራዋን የማምጣቱ ክብር ለበድረዲን ተሰጠ። እሱም ለሠርጉ ብሎ ስፔሰር ገዛ። ታሂር በሠርጉ ዕለት ጠዋት ገጠመለት፤ አሳምሮ ገጠመለት፤ በዚህ በኩል እስከ ዛሬ ራሱን አይወቅስም።

“ከጎብዬ ስትመለስ እዚህ በር ላይ ቁም። ውስጡን አጠብቅልሃለሁ” አለው።

“ወላሂ እቆማለሁ” አለ በድረዲን።

ሁለቱም ያላሰቡት፣ መኪናዋ ስትመለስ ሙሽራ እንደምትይዝ ነው። በሀሊሜ ዘመዶች ዘንድ ደግሞ ከአባቷ ቤት የወጣች ሙሽራ የባሏ ደጅ ሳትደርስ መሬት አትረግጥም፤ ያሳፈራትም መኪና መንገድ ላይ አይቆምም። የሙንተሲር ቤት ከቆቦ ወደ ቆላው በሚወርደው የጠጠር መንገድ ላይ ነው፤ ከታሂር ደጅ በኋላ ገና ይቀራል።

ከሰዓት በኋላ ጥሩምባውና እልልታው ተሰማ። ታሂር ክሪኩን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ የጎማ መፍቻውን ከፍ አድርጎ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመ። መኪናዋ ቀዝቀዝ አለች። በኋላ ወንበሩ መስታወት ቀይ መሸፈኛ ያደረገችው ሙሽራ ታየችው፤ አጠገቧ ሀሊሜ ነበረች። ከኋላቸው ሽማግሌዎቹን የጫነው ሚኒባስ ይከተላል። ሙሽራ አስወርዶ ጎማ መፍታት! የሚስቴ ዘመዶች ምን ይሉኛል? ደግሞስ ምን ቀራቸው፤ ይደርሳሉ። መፍቻውን የያዘ እጁን አወረደ። መኪናዋ ጥሩምባዋን እየነፋች አለፈች።

ይሉኝታ ይቺ ናት። ስንቱን ቤት አፍርሳ ማንም ሌባ ብሏት አያውቅም።

ወደ ደረቁ ወንዝ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ የኋላ ግራ ጎማዋ ከነስፔሰሩ ወለቀ። በድረዲንና ራዊያ እዚያው ሞቱ። ሀሊሜ ዳሌዋ ተሰብሮ ተረፈች፤ ዛሬም አንድ እግሯን ትጎትታለች። ታሂርን ማንም አልወቀሰውም። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ “አብሽር፣ የአላህ ውሳኔ ነው” አለው። የማይወቀስ ሰው ደግሞ የሚያራግፍበት ስለሚያጣ፣ ታሂር ጥፋቱን ቀስ በቀስ ወደ ሟቹ አዞረው። መኪናዋ የቀዘቀዘችው ለባጃጅ ነው፣ በድረዲን እኔን ዞር ብሎም አላየኝ፣ ቃሉን የበላው እሱ ነው አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ መቃብሩ ሄዶ አንድ ቀን ዱዓ አላደረገለትም።

ባለፈው የገበያ ቀን ደምሴ የሚባል የሮቢት ሾፌር ጫማዬን አላወልቅም ብሎ ተሟገተው።

“ጋሽ ታሂር፣ እኔን አያምኑኝም?”

“አላምንህም። የማምነው ሰው ነበረኝ፤ ቆሜ እያየሁት አልፎኝ ሄደ።”

ደምሴ ደንግጦ ሳይወድ ጫማውን አወለቀና ሄደ። ምሳ ይዛ የመጣችው ሀሊሜ ግን ሁሉንም ሰምታለች። ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

“አላለፈህም” አለች።

“ማን?”

“በድረዲን። አይቶሃል። ‘ታሂር ቆሟል፣ ልቁም ወይ?’ አለኝ። እኔ ነኝ፣ ‘ሙሽራ ይዘህ የት ነው የምትቆመው? ንዳ!’ ያልኩት።”

ታሂር በቁጣ ብድግ አለ። ሦስት ዓመት ከአንድ መሶብ እየቆረሱ እንዴት ዝም ትለዋለች! ወዲያው ግን የምትጎትተውን እግሯን አየና ሳህኑን ተቀበላት። አስቀመጣት።

“አብሽሪ። አንቺ ስለ ዳዶ ምን ታውቂያለሽ? ሰምቶ መንዳት አልነበረበትም። እሱ ነው ያጠፋው።”

ሀሊሜ ራሷን ነቀነቀች። “እሱን አትበል። እኔን አልሰማኝም። እግሩ ፍሬን ላይ ነበር። ‘እኔ የምሰማው ታሂርን ነው’ ብሎ አንተን አንተን ያይ ነበር።”

“ከዚያስ?”

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ታሂር፣ ሚስቱ ይህን ሁሉ ዘመን ስትደብቅ የኖረችው የራሷን ጥፋት እንዳልነበረ ገባው። በድረዲን ቃሉን ጠብቆ ፍሬን ረግጦ ሲያየው ነበር፤ ንዳ ያለው መፍቻውን ያወረደው የታሂር እጅ ነው።