ቀማሽ የጠፋበት ረቡዕ

«አቁሙ! እንዳትጨልፉ! ጭልፋውን መልሱት!»

ዘቢደር ይህን እየጮኸች ከማብሰያ ቤቱ ወደ ካፌው መስኮት ስትሮጥ፣ ነጠላዋ ከወገቧ ተፈቶ መሬት ለመሬት ይጎተታል። ገና አርባ ተማሪ እንኳ አልተስተናገደም። ሰልፉ ግን ከበሩ ወጥቶ የሴቶቹን ዶርም አልፏል። የሚድ ፈተና ሳምንት ነው፤ ልጆቹ ከፈተና ወጥተው ወደ ፈተና ነው የሚገቡት።

ያስሮጣት ገዱ ነው፤ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ፣ የሦስተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ። ከክኩ ወጥ አንድ ጉርሻ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፣ ከዚያ ሰሃኑን ይዞ መጣና መስኮቱን መታ።

«እትዬ ዘቢደር፣ ዛሬስ አሞሌ ነው እንዴ የቀቀላችሁልን?»

«ምን ሆነ ደግሞ?» አለች ከማብሰያ ቤቱ ሆና።

«ኧረ ዋልያ ይጠራልን፣ እሱ ይልሰው!»

ካፌው በሳቅ አወካ። አንዷ ከኋላ «ለፍሬሾቹ ስጧቸው፣ የግቢ ወጥ እንዲህ ነው በሏቸው!» አለች። ሳቁ ግን አልቆየም፤ ሰሃን መደብደብ ተጀመረ። ሰሃን ከተደበደበ በኋላ የሚመጣውን ዘቢደር ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ ፉጨት፣ ቀጥሎ ወንበር።

ተመልሳ ገብታ ከጣይባ ጋር ተፋጠጡ። ጣይባ የድስት ጓደኛዋ ናት፤ ሰባት ዓመት አንድ እሳት አብረው ሞቀዋል።

«አንቺ፣ ጨው ጨምረሻል እንዴ?» አለች ዘቢደር።

«ታዲያስ! አንቺ ሽንኩርት ልትረከቢ ስቶር ስትሄጂ ነዋ። የጨው ከረጢቱ እንደታሰረ ነበር።»

«ጨምሬ እኮ ነው መልሼ ያሰርሁት!»

«ውይ በአላህ!» ብላ ጣይባ ራሷን ያዘች።

እንግዲህ ይህ ጉድ ሌላ አገር አይሆንም። ሁዳዴ ነው፤ ዘቢደር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም ባፏ አይዞርም። ረመዳንም ነው፤ ጣይባ እስከ መግሪብ አፏ ዝግ ነው። ሁለቱ ጾሞች አንድ ላይ መግባት ከጀመሩ ጥቂት ዓመት ቢሆናቸውም ማብሰያ ቤቱ ተቸግሮ አያውቅም። ዓለምዬ የሚሏት አሮጊት ነበረቻ! ጨጓራዋ አላስችል ብሏት ንስሐ አባቷ ፈቅደውላት ትበላለች፤ ስለዚህ የሁሉም ምላስ እሷ ናት። «ነይ ቅመሽ» ይሏታል፣ ትቀምሳለች፣ «ያዝ አድርጊው» ወይ «በቃው» ትላለች። ባለፈው ሳምንት ግን ልጇ ወለደችና ልታርሳት ዳባት ወረደች። በእሷ ቦታ ሰው ይተካ ብሎ ያሰበ አልነበረም። በጀት የሚያዘው ለወጥ ሠሪ እንጂ ለቀማሽ አይደል።

የካፌው አስተባባሪ አቶ አንዱዓለም ስልኩን እንደያዘ ገባ። በዕድሜ የዘቢደር ታናሽ ነው፣ ግን አለቃ አለቃ ነው፣ አንቱ ትለዋለች።

«ምንድን ነው የምሰማው? ድፉት በቃ! ዳቦና ሻይ ሰጥተን እንሸኛቸው።»

«የሚፈተን ልጅ በዳቦ? አይሆንም።»

«አይሆንም ነው ያልሽኝ?»

«አንድ ሰዓት ይስጡኝ። ለማታ የቀቀልነው ክክ አለ፣ ጨው አልነካውም። ድስቱን ለሁለት ከፍለን ያን እንቀላቅልበታለን።»

«ማታስ ምን ሊበሉ?»

«ማታን ለማታ።»

አንዱዓለም ሰዓቱን አይቶ «አንድ ሰዓት ብቻ!» ብሎ ወጣ። እሷ ደግሞ ምን ላይ ቆማ እንደምትናገር ታውቃለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ኮንትራት ናት፤ በየዓመቱ ፈርሚ ትባላለች፣ ትፈርማለች። ዘንድሮ ቋሚ የሚሆኑት ስም ዓርብ ይለጠፋል፣ ያንቺም አለበት ብለዋታል። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ዘቢደር የጊች ልጅ ናት። ገብስ አርማ፣ አጭዳ፣ በበቅሎ ጭና ያደገች። መንደሩ ከዋልያዎቹ ፓርክ ሲነሣ ደባርቅ ወረደች። ባሏ ሀብተ ሚካኤል ሰሊጥ አጨዳ ቆላ ሄዶ በወባ ቀረ። ያኔ ካምፓሱ ይገነባ ነበርና ሄዳ ድንጋይ ተሸከመች፤ አሁን የምታበስልበትን ቤት የግድግዳ ድንጋይ በጀርባዋ ነው ያመጣችው። ትምህርቷ እስከ አራተኛ ነው። ልጇ ስጦታ ግን ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ እነዚህ ልጆች እንደሚሰለፉት ልትሰለፍ። እንዲያም ሆኖ ዘቢደር ያን ሰዓት ስለ ስጦታ አላሰበችም። ያሰበችው፣ ከውጭ ሆኖ ሰሃኑን ስለሚደበድበው ልጅ ነው፤ ስምንት ሰዓት ላይ ፈተና አለው።

«በይ ጣይባ፣ ያዢልኝ!»

ሁለት ሆነው ጨለፉ፣ ገለበጡ። እሳቱን ቆሰቆሱ። ማማሰያው መቅዘፊያ ያህላል፤ በሁለት እጅ ይዘው እንደ አራሽ ወዲያ ወዲህ ገፉት። በርበሬ ተጨመረ፣ ሽንኩርቱ ተቁላልቶ ገባ። ክኩ ሲዋሃድ ሁለቱም እጃቸው ቆመ። አሁንስ ማን ይቅመሰው?

«እኔ ልድፈር ይሆን?» አለች ጣይባ። «ካልዋጡት ችግር የለውም ሲሉ የሰማሁ ይመስለኛል። እንጃ፣ አልጠየቅሁም።»

ገዱ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣ «እኔ አለሁ እኮ!» አለ።

«አንተማ ምላስህ ተቀቅሏል፤ ከእንግዲህ ሁሉም አልጫ ነው የሚመስልህ» አለችው ዘቢደር። «የኔን እጅ የሚያውቀው የኔ ምላስ ነው። ዳግመኛ ብንስት ደግሞ የምንጨምረው የተቀቀለ ክክ የለም።»

በማማሰያው ጫፍ ነካ አድርጋ መዳፏ ላይ አንጠበጠበች። አማተበች። ቀመሰች።

ጣይባ ፊቷን አዞረች፤ እሷ የገደፈች ይመስል።

«ገና ነው» አለች ዘቢደር። ትንሽ ውሃ። ደግማ ቀመሰች። አራት ጊዜ ቀመሰች። በአራተኛው «በቃው!» አለች፣ ልክ እንደ ዓለምዬ።

ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ሰልፉ መሄድ ጀመረ። ገዱ አንድ ጎርሶ ዓይኑን ጨፈነ፣ አሁንም ሁሉም ያየዋል።

«እህ?» አለች።

«ሰው ሆኗል!»

ሰሃን መደብደቡ ቀረ፤ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ሆነ። ዘቢደር ጆንያ ላይ ቁጭ አለች።

አቶ አንዱዓለም ወረቀት ይዞ መጣ።

«ልጆቹ በልተዋል፣ ጥሩ። ግን የማታው ክክ አልቋል፣ ምሳ ዘግይቷል፣ እኔም እጠየቃለሁ። የአጥፊውን ስም መጻፍ አለብኝ። ማን ነው?»

ጣይባ አፏን ስትከፍት ዘቢደር እግሯን ረገጠቻት።

«እኔ ነኝ። የኔን ጻፉት።»

«ጨው የጨመርነው ሁለታችንም ነን!» አለች ጣይባ። እሷም ኮንትራት ናት፤ ከአንዱ በቀር ልጆቿ ገና ለትምህርት ቤት እንኳ አልደረሱም።

«ድስቱን ፈርሜ የተረከብሁት እኔ ነኝ። ጨው መግባቱን መንገር የነበረብኝም እኔ።»

አንዱዓለም ብዕሩን አወጣ። ከዚያ ጻፈ። «ነገ ሦስት ሰዓት ቢሮ ቅረቢ» ብሎ ወጣ።

ጣይባ አጠገቧ ተቀመጠች። «ጅል ነሽ፣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ተነሽ ይልቅ፣ ከስቶር ክክ እናስወጣ፤ ለማታ የሚሆን ምንም የለም።»

«ዘቢዬ፣ ስምሽን ከዓርቡ ዝርዝር ቢያወጡትስ?»

ዘቢደር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። ያወጡት ይሆን? ይተዉት ይሆን? ንስሐ አባቷስ ስለ አራቱ ቅምሻ ምን ይሏት ይሆን?

«እኔ እንጃ» አለች፤ እውነቷን ነው፣ አታውቅም።